ምዕራፍ 7፦ ፒኑ ሲጠፋ የሚቀረው መስመር

በምዕራፍ 6 ሞላና ባሌስትራ የመንገዱን ጉድጓድ እንዴት እንደሚውጡ፣ አሞርዛተሩም የሞላውን ንጠት እንዴት እንደሚያበርድ አይተናል። እዚያ ላይ ጎማውን ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚሄድ ነገር አድርገን ነበር የቆጠርነው። ለኋላ ጎማ ይህ ይበቃል። የፊት ጎማ ግን ሌላም ሥራ አለበት፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል። ጉድጓድ ላይ ሲወድቅም፣ ፍሬን ሲያዝም፣ መኪናው በኩርባ ላይ ሲያጋድልም መዞሩን መተው አይችልም። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች አንዱ ሌላውን ሳያውክ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ማወቅ ነው የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ።

ለዚህ የሚያስፈልገን አንድ የቤት ዕቃ ብቻ ነው፤ በር። በር መቃኑ ላይ በሁለት ማጠፊያ ይያዛል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። የሚዞረው በማጠፊያዎቹ ብረት ዙሪያ ይመስለናል። ልብ ብለን ካየነው ግን የሚዞረው የላይኛውን ማጠፊያ ከታችኛው በሚያገናኝ ቀጥ ያለ መስመር ዙሪያ ነው። በሁለቱ ማጠፊያዎች መሃል ምንም ብረት የለም፤ መስመሩ ግን አለ። ከሁለቱ አንዱ ቢላላ ወይም ቦታውን ቢለቅ መስመሩ ይዛነፍና በሩ ወለሉን ይፍቃል።

የፊት ጎማም መኪናው ላይ የተሰቀለ በር ነው። ባለፉት መቶ ዓመታት ማጠፊያው ብዙ ጊዜ ተቀይሯል፤ መጀመሪያ ወፍራም ፒን ነበር፣ ቀጥሎ ኳስ ሆነ፣ በኋላም የላይኛው ማጠፊያ ወደ ሰውነቱ ጣሪያ ሥር ወጣ። መስመሩ ግን ከነማዘንበሉ ዛሬም አለ። አሮጌ መኪና የሚነዳ፣ የሚያድስ ወይም የሚወድ ሰው ይህን መስመር በዓይነ ኅሊናው ማየት ከቻለ የቀረው ዝርዝር ይገለጥለታል።

ከመሃል ወደ ዳር

በጥንቱ ሠረገላ ላይ ማጠፊያው አንድ ብቻ ነበር። የፊተኛው አክስል ሙሉውን መሃሉ ላይ ባለ አንድ ፒን ዙሪያ ይዞር ነበር። ሁለቱ ጎማዎች ከነአክስሉ ስለሚዞሩ ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ፤ በጠባብ ኩርባ ላይ ደግሞ የሠረገላው ፊት ድጋፉ ስለሚጠብ ለመገልበጥ ይቀርባል። በ1817 ጌኦርግ ላንከንሽፔርገር የተባለ የሙኒክ ሠረገላ ሠሪ አክስሉን ባለበት አቁሞ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ለየጎማው የራሱን ማጠፊያ ሰጠው። በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብቱን በ1818 ያስመዘገበለት ወኪሉ ሩዶልፍ አከርማን ነበረና ዘዴው እስከ ዛሬ የሚጠራው በወኪሉ ስም ነው።

ሁለት ማጠፊያ ሲኖር አንድ ጥያቄ ይከተላል። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ይዙሩ? አይዞሩም። መኪና ሲታጠፍ አራቱም ጎማዎች በአንድ ማዕከል ዙሪያ ክብ ይሠራሉ፤ የውስጠኛው የፊት ጎማ ክብ ጠባብ፣ የውጭኛው ሰፊ ነው። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል 2.4 ሜትር፣ በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል 1.3 ሜትር ያህል ያለውን ቮልስ እንውሰድ። የክቡ ማዕከል በኋላ አክስሉ አቅጣጫ ከውስጠኛው ጎማ 5 ሜትር ቢርቅ፣ የውስጠኛው የፊት ጎማ ወደ 26 ዲግሪ፣ የውጭኛው ወደ 21 ዲግሪ መዞር አለበት። እኩል ቢዞሩ አንደኛው መንገዱ ላይ እየተጎተተ ጎማውን ይፍቃል። ይህን ልዩነት የሚያመጣው ጎማዎቹን የሚያዞሩትን አጫጭር ክንዶች ወደ ውስጥ ዘንበል ማድረግ ነው።

መቃኑ ሲያዘም

መቃኑ የተዛባ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ በሩ ማንም ሳይነካው ይዘጋል፣ ወይም ይከፈታል። ምክንያቱ የማጠፊያው መስመር ማዘንበሉ ነው። መስመሩ ሲያዘነብል በሩ በዞረ ቁጥር ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ ክብደቱም ዝቅተኛውን ቦታ ፈልጎ ይወስደዋል። ለአናጢው ጥፋት የሆነው ይህ ነገር ለመኪና ሠሪው ትልቅ ስጦታ ነው።

የፊት ጎማ መስመር ሁለት ማዘንበል አለው። የመጀመሪያው ወደ ውስጥ ነው፤ የላይኛው ማጠፊያ ከታችኛው ይልቅ ወደ ሞተሩ ይቀርባል። ጎማው በዚህ ባዘነበለ መስመር ዙሪያ ሲዞር ወደ መሬት ሊገባ ይሞክራል። መሬቱ ስለማይገባለት የሚነሣው የመኪናው ፊት ነው። ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ ቢዞር ፊቱ በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ ዝቅ የሚለው ጎማው ቀጥ ሲል ብቻ ነው። ስለዚህ መሪውን ሲለቁት የመኪናው ክብደት ራሱ ጎማውን ወደ ቀጥታው ይመልሰዋል።

ይኸው ማዘንበል ሌላም ጥቅም አለው። በርን ከማጠፊያው አጠገብ ቢገፉት አይነቃነቅም፤ ከእጀታው በኩል ቢገፉት ግን በጣት ይከፈታል። ኃይሉ ከመስመሩ በራቀ ቁጥር የማዞር ጉልበቱ ይጨምራል። ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ ከመስመሩ በጣም ቢርቅ፣ የአንዱ ጎማ ፍሬን ከሌላው ትንሽ ቢበረታ ወይም አንዱ ጎማ ድንጋይ ቢመታ መሪው ከእጅ ይነጠቃል። መስመሩ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል የታችኛው ጫፉ ጎማው መሬት ወደሚነካበት ቦታ ይጠጋል፤ መንገዱም መሪውን የሚያንገላታበት ጉልበት ያንሳል።

ሁለተኛው ማዘንበል ወደ ኋላ ነው። የላይኛው ማጠፊያ ከታችኛው ይልቅ ወደ ነጂው ስለሚቀርብ መስመሩን እስከ መሬት ብንዘረጋው ጎማው መሬት ከነካበት ቦታ ቀድሞ ያርፋል። ጎማው መስመሩን ከኋላው ይከተላል ማለት ነው፤ የሚከተል ነገር ደግሞ ወደሚጎትተው አቅጣጫ ይቃናል። በፍጥነት መንገድ ላይ መኪናው ቀጥ ብሎ የሚሄደው በአብዛኛው በዚህ ነው። ማዘንበሉ ሲበዛ መሪው ይከብዳል፤ ሲያንስ መኪናው ይዋልላል።

በሩ መውጣትና መውረድም ሲኖርበት

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የሠረገላውን አክስል እንዳለ ወረሱ። ወፍራም የብረት አክስል ከግራ እስከ ቀኝ ይዘረጋል፣ በባሌስትራ ላይ ይቀመጣል፣ ጫፎቹ ላይ ኪንግ ፒን የሚባለው ቋሚ ፒን ይተከላል፤ ጎማውን የተሸከመው ብረት በነሐስ ቡሺንግ አማካይነት በፒኑ ዙሪያ ይዞራል። ጠንካራና ቀላል ነው። ፎርድ በአሜሪካ መኪኖቹ ላይ እስከ 1948 ሞዴል ድረስ አልተወውም፤ ከባድ የጭነት መኪኖችም እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

ችግሩ ሁለቱ በሮች በአንድ መቃን ላይ መሰቀላቸው ነው። የግራው ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጣ አክስሉ ያጋድላል፤ የቀኙ ጎማም አብሮ ያጋድላል። በፍጥነት የሚሽከረከር ጎማ ደግሞ ሲያጋድሉት ዝም አይልም፤ ማጋደሉን ወደ ጎን መዞር ይለውጠዋል። ያ መዞር ወደ መሪው ይደርሳል፣ ጎማው ይመለሳል፣ እንደገና ያጋድላል። ፍጥነቱና የባሌስትራው ልስላሴ ከተገጣጠሙ መኪናው ፊቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። መሐንዲሶች ለተሳፋሪው ምቾት ሞላውን ባለሰለሱ ቁጥር ይህ ንቅጥቅጥ ይብስ ነበር። ከሮልስ ሮይስ ወደ ካዲላክ በ1930 የሄደው ሞሪስ ኦሊ ለስላሳ የፊት ሞላ ከተፈለገ አክስሉ መቅረት እንዳለበት ከተረዱት መካከል ነበር። ጄኔራል ሞተርስ በ1934 ሞዴሎቹ ላይ ለየፊት ጎማው የራሱን ሰስፔንሽን ሰጠ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። አክስሉ ሲቀር መቃኑ ራሱ ተንቀሳቃሽ ሆነ። በሩ ይዞራል፣ መቃኑ ይወጣል ይወርዳል፣ መስመሩ ግን ማዘንበሉን መጠበቅ አለበት። የጣሊያኑ ላንቻ ላምዳ በ1922 የሰጠው መልስ ደፋር ነበር፤ ጎማው በቋሚው ፒን ዙሪያ ይዞራል፣ በዚያው ፒን ላይም ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። መስመሩ ከመኪናው ሰውነት አንጻር ማዘንበሉን ምንም አይቀይርም፤ ነገር ግን የጎማው የመውጣትና የመውረድ ስፋት በፒኑ ርዝመት ይወሰናል።

ቮልስ፦ ሁለት ማጠፊያ በአንድ መኪና ታሪክ

አዲስ አበባ ላይ ዛሬም የምናየው ቮልስ ይህን ታሪክ በራሱ አካል ይዞታል። ፌርዲናንድ ፖርሸ ለዚህ መኪና የሰጠው የፊት ሰስፔንሽን ከሌሎቹ ይለያል። ሁለት ቱቦዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ሆነው ከግራ ወደ ቀኝ በመኪናው ፊት ይዘረጋሉ። በየቱቦው ውስጥ የተነባበሩ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች አሉ። ከየቱቦው ጫፍ ወደ ኋላ የሚዘረጋ ክንድ ይወጣል፤ ጎማው ሲነሣ ክንዱ ዘንጎቹን ይጠመዝዛል፣ መጠምዘዛቸውም የሞላ ሥራ ይሠራል። በየጎማው ሁለት ክንድ አለ፤ ላይኛውና ታችኛው። እኩልና ትይዩ ስለሆኑ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ መስመሩ ማዘንበሉን አይቀይርም። ያለው ጉድለት ኩርባ ላይ ሰውነቱ ሲያጋድል ጎማዎቹም አብረውት ማጋደላቸው ነው።

እስከ 1965 ሞዴል ድረስ በክንዶቹ ጫፍ ላይ ሁለት ዓይነት ፒን ነበር። ሊንክ ፒን የሚባሉት ሁለቱ አግድም ናቸው፤ ክንዶቹ ሲወጡና ሲወርዱ ይዞራሉ። ኪንግ ፒኑ ቋሚ ነው፤ መሪው ሲዞር ይሠራል። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የራሱ ፒን፣ ለእያንዳንዱ ፒንም የራሱ ቡሺንግና የራሱ የግራሶ ቀዳዳ ነበረው።

ግራሶው የግድ ነው። በምዕራፍ 3 የሞተሩ ክራንክ ዘንግ በፍጥነት ስለሚሽከረከር ዘይቱን ከሥሩ እየሳበ በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ እንደሚንሳፈፍ አይተናል። ኪንግ ፒን ይህን ዕድል አያገኝም። ሙሉ ዙር ዞሮ አያውቅም፤ ወደዚህና ወደዚያ በጥቂት ዲግሪ ይወዛወዛል፣ እየተወዛወዘም የመንገዱን ምት ሁሉ ይቀበላል። ግራሶው ከሚመታበት ቦታ እየተገፋ ይወጣል። በጊዜው አዲስ ካልተገፋለት ብረትና ነሐስ ይፋጫሉ፣ አቧራና ውኃም ይገባሉ። ግራሶ በደንብ የሚገፋለት ኪንግ ፒን ግን ለብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ሲበላም ፒኑንና ቡሺንጉን ብቻ ቀይሮ ማደስ ይቻላል።

በነሐሴ 1965 ለ1966 ሞዴል ፋብሪካው ሁለቱን ዓይነት ፒን አስቀርቶ በየክንዱ ጫፍ አንድ ቦል ጆይንት ብቻ ተከለ። ቱቦዎቹና የመጠምዘዝ ሥራቸው አልተለወጠም። ኪንግ ፒን ጠፋ፤ ነገር ግን የላይኛውን ኳስ መሃል ከታችኛው ኳስ መሃል ጋር በሐሳብ ብናገናኝ ያው ያዘነበለ መስመር ይወጣል። በሩ የሚዞረው በብረቱ ሳይሆን በመስመሩ ዙሪያ ነው ያልነው እዚህ ላይ ይታያል።

በቦል ጆይንት ውስጥ

ቦል ጆይንት በጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ የብረት ኳስ ነው። ከኳሱ አጭር ዘንግ ይወጣል፤ ጉድጓዱ በዘመናዊዎቹ ላይ በጠንካራ ፕላስቲክ ይለበጣል፣ ግራሶ ይሞላና በጎማ ልባስ ይታሸጋል። ኳሱ ባለበት ይዞራል፣ ወደ ፈለገውም ጎን ያዘነብላል። ስለዚህ ሊንክ ፒንና ኪንግ ፒን ለየብቻ ይሠሩት የነበረውን አንድ ኳስ ጠቅልሎ ይሠራዋል። በአሜሪካ ሊንከን በ1952፣ ፎርድ ደግሞ በ1954 የፊት ሰስፔንሽናቸውን በቦል ጆይንት ሠሩ፤ ከዚያ በኋላ ኪንግ ፒን ከቤት መኪና ላይ ቀስ በቀስ ወጣ።

ለውጡ ክብደትንም የግራሶ ቀዳዳዎችንም ቀነሰ። ነገር ግን በነጻ የተገኘ አይደለም። ኳሱ የሚያዘነብለው ዘንጉ የጉድጓዱን ከንፈር እስኪነካ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢገፋ ይታነቃል። ቮልስን ለበረሃ ውድድር የሚያዘጋጁ ብዙ ሰዎች የድሮውን የሊንክ ፒን ፊት የሚመርጡት ለዚህ ነው። የጎማ ልባሱም ቢቀደድ አቧራው ያለ ከልካይ ይገባል፤ በብዙዎቹ ላይ ነጂው ግራሶ የሚገፋበት ቀዳዳ ስለሌለ ያለው ምርጫ መቀየር ብቻ ነው።

ሁለቱ ኳሶች እኩል አይደክሙም። በ1970 መመረት በጀመረችው፣ በፊያት 124 ላይ በተመሠረተችውና በሰማያዊና ነጭ ታክሲነቷ በምናውቃት ላዳ ላይ ሞላው የሚቀመጠው በታችኛው ክንድ ላይ ነው። የመኪናው ክብደት በታችኛው ክንድ በኩል ወደ ጎማው ስለሚሄድ የታችኛው ቦል ጆይንት ሸክሙን ይይዛል፤ የላይኛው መስመሩን ይጠብቃል። በ1960ዎቹ የፎርድ መስታንግ ሞላው በላይኛው ክንድ ላይ ስለሚቀመጥ ሸክሙ የላይኛው ነው። ሞላው የት እንደተቀመጠ ማወቅ የትኛው ማጠፊያ ቶሎ እንደሚበላ ይናገራል።

በፒንና በኳስ መካከል ሌላ መንገድ የሞከሩም ነበሩ። በ1959 የወጣው እንግሊዛዊው ትራያምፍ ሄራልድ ከላይ ቦል ጆይንት፣ ከታች ደግሞ ብሎን የመሰለ ጥርስ ያለው ዘንግ በነሐስ ቤት ውስጥ የሚዞርበት መገጣጠሚያ ነበረው። ጎማው ሲዞር ዘንጉ በጥርሱ ላይ በጥቂቱ ይጠበቃል፣ ይፈታል። መኪናው 7.6 ሜትር ያህል ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ይዞር ስለነበር በጠባብ መንገድ የተወደደ ነበር። ነገር ግን ጥርሱ የሚፈልገው ወፍራም የማርሽ ዘይት እንጂ ግራሶ አይደለም። ዘይቱ ከተረሳ ውኃ ይገባል፣ ዝገቱ ጥርሱን ይበላል፣ በመጨረሻም ዘንጉ ይሰበርና ጎማው ይተኛል። ሎተስ ኤላንም ይህንኑ የትራያምፍ አሠራር ተጠቅሟል፤ የነዚህ መኪኖች ባለቤቶች የዘይቱን ጊዜ የሚጠብቁት በጥብቅ ነው።

መሐንዲሱ ኧርል ማክፈርሰን ደግሞ የላይኛውን ክንድ ጭራሽ አስቀረው። በ1950 በእንግሊዝ ፎርድ ኮንሰልና ዜፈር ላይ በታየው በዚህ አሠራር አሞርዛተሩ ራሱ ወፍራም ምሰሶ ይሆናል፤ ሞላው ይከበዋል፣ የላይኛው ጫፉ በሰውነቱ ላይ በኩሽኔታ ይያዛል። የላይኛው ማጠፊያ ከጎማው በላይ ከፍ ብሎ ሄደ፣ የታችኛው ቦል ጆይንት ሆኖ ቀረ፤ መስመሩ አሁን ረጅም ነው። ቮልስም በ1970 በ1302 ሞዴሉ ይህንን ተቀበለ፤ የፊት ሻንጣ ማስቀመጫውም ሰፋ። ተራው ቮልስ ግን በ2003 በሜክሲኮዋ ፑዌብላ ማምረቱ እስኪቆም ድረስ ቱቦዎቹንና ቦል ጆይንቶቹን አልተወም።

በሩን የሚገፋው እጅ

እስካሁን ስለ ማጠፊያው ነው የተናገርነው። በሩን የሚገፋው እጅ የመሪ ዘንግ ነው፤ ከመሪው ሳጥን ተነሥቶ ጎማውን የተሸከመውን ብረት በአጭር ክንዱ ይገፋል፣ ይስባል። ጎማው ስለሚወጣና ስለሚወርድ የዘንጉ ጫፎችም ትናንሽ ቦል ጆይንቶች ናቸው።

እዚህ ላይ የተሰወረ ችግር አለ። የሰስፔንሽኑ ክንድ ሲነሣ ጫፉ ቅስት ይሠራል፤ የመሪው ዘንግም ሲነሣ የራሱን ቅስት ይሠራል። ሁለቱ ቅስቶች ካልተመሳሰሉ መንገዱ ጎማውን ሲያነሣው ዘንጉ ነጂው ሳያዘው ጎማውን ይገፋዋል ወይም ይስበዋል። አሮጌ መኪናቸውን ለማሳመር ሞላውን የሚያሳጥሩ ወይም የሚያስረዝሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያጋጥማቸው ይህ ነው፤ ክንዱና ዘንጉ ሠሪው ካሰበላቸው ከፍታ ሲወጡ ቅስቶቻቸው ይለያያሉ፣ መኪናውም በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ ይቅበዘበዛል።

መስመሩ ሲላላ

በማጠፊያዎቹ መካከል ያለው ርቀት አጭር፣ ጎማው ግን ትልቅ ነው። በሁለቱ ቦል ጆይንቶች መካከል 20 ሳንቲሜትር ቢኖርና አንዱ 1 ሚሊሜትር ቢላላ፣ 65 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ጎማ ከላይኛው ጫፉ እስከ ታችኛው ከ3 ሚሊሜትር በላይ ሊዛነፍ ይችላል። በዓይን የማይታይ ልልነት ጎማ ላይ የሚታይ መበላት የሚሆነው በዚህ ነው።

ፍተሻው መስመሩን ከተረዳን ቀላል ነው። መኪናውን በክሪክ አንሥተን በመቆሚያ ብረት ካስደገፍን በኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘን እንነቀንቀዋለን። ከተነቃነቀ ኪንግ ፒን፣ ቦል ጆይንት ወይም የጎማው ኩሽኔታ ላልቷል። ሌላ ሰው ፍሬን ሲረግጥ መነቃነቁ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ፍሬኑ ጎማውን ከተሸካሚው ብረት ጋር አንድ ስላደረገው። ካልጠፋ ጥፋቱ የማጠፊያው ነው። ከግራና ከቀኝ ይዘን ስንነቀንቀው ብቻ ከተነቃነቀ ወደ መሪው ዘንግ ጫፎች እንሄዳለን። ላዳን በመሰሉ ሞላቸው ታችኛው ክንድ ላይ በተቀመጠ መኪኖች ክሪኩ ከታችኛው ክንድ ሥር መግባት አለበት፤ መኪናው ከሻንሲው ከተነሣ ሞላው ክንዱን ወደ ታች እየገፋ የተበላውን ኳስ አጥብቆ ይይዘዋል፣ ልልነቱም ይደበቃል።

ጎማው በአንድ ጎኑ ሲበላ ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ አላይመንት ይሄዳል። የአላይመንት መሣሪያ የሚለካው የጎማውን አቋምና ይህን ያዘነበለ መስመር ነው፤ የሚለካውም መኪናው በቆመበት ነው። ማጠፊያው የላላ መኪና ሲቆም አንድ መስመር፣ ፍሬን ሲያዝ ሌላ መስመር፣ ኩርባ ላይ ሦስተኛ መስመር አለው። በመሣሪያው ላይ ቁጥሩ ቢስተካከል ከጋራዡ በር ሲወጣ ተመልሶ ይዛባል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፤ መጀመሪያ መገጣጠሚያዎቹ ይጠብቁ፣ ከዚያ መስመሩ ይለካ። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ወጪው ለቦል ጆይንቱ ይሁን።